ቁልቁለት ላይ ፎሌ ናፍጣ አይቆጥብም

በወላይታ ሶዶና በአካባቢው ፒክአፕ ለሚገዛም ሆነ ለሚያሽከረክር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚለው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር የአንድ ሊትር ናፍጣ መሸጫ ዋጋ 49 ብር ገደማ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. 99 ብር ገደማ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ተለይቶ እንዲቀጥል የተደረገው ድጎማ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት በመሆኑ፣ ሙዝና ዝንጅብል፣ ማዳበሪያና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ፒክአፕ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል።

ጉዳዩ መኪና የሌለውንም ይነካል። ነጋዴው የናፍጣ ወጪውን የሚያካክሰው በሁለት በኩል ነው፤ ከተማ ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፣ ማሳ ላይ የሚገዛበትን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። በመጨረሻ ሂሳቡን የሚጋሩት አርሶ አደሩና የከተማው ሸማች ናቸው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ከሶዶ በሆሳዕና በኩል አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒክአፕ ለዚህ ጉዞ 82 ሊትር ተኩል ይፈልጋል፤ በሊትር 10 ለሚሄደው ግን 66 ሊትር ይበቃዋል። ሊትሩን ለማስላት እንዲመች በ100 ብር ብንይዘው እንኳ፣ የ16 ሊትር ተኩሉ ልዩነት በአንድ ምልልስ 1,650 ብር ይሆናል። ከ8 ወደ 10 መድረስ ለሁሉም ተሽከርካሪ ላይቻል ይችላል። ሆኖም ጎማው ንፋስ ያነሰው፣ ፊልትሮው የታፈነ፣ ጭነቱ ከልክ ያለፈና አነዳዱ ችኩል የሆነ ፒክአፕ ይህን ያህል ነዳጅ ቢያባክን የሚያስገርም አይደለም።

ከቁልቁለቱ እንጀምር፤ በዚህ ረገድ የተለመደው የተሳሳተ እምነት ሕይወትም ያስከፍላልና። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሁምቦ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ አሽከርካሪ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ በመካከሉ ብዙ ቁልቁለት አለ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ማርሹን አውጥቶ ተሽከርካሪውን በፎሌ መልቀቅ በአሽከርካሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስላል፤ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ መኪናው በራሱ ክብደት ይንደረደራል፣ ነዳጁም የተቆጠበ ይመስላል።

የሞተሩ አሠራር ግን ሌላ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነው፣ በአሮጌዎቹ ላይ ከፖምፓው ጋር የተያያዘ መቆጣጠሪያ፣ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት መንኮራኩሮቹ ይሆናሉ። መቆጣጠሪያውም ሞተሩ ያለ ነዳጅ እየዞረ መሆኑን አይቶ ናፍጣውን ይዘጋል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩን የሚያዞርለት ስለሌለ፣ እንዳይጠፋ ራሱ ናፍጣ ማቃጠል አለበት። የፒክአፕ ሞተር ቆሞ ሲንቀሳቀስ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። እንግዲህ በረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚያቃጥለው በፎሌ የሚወርደው ነው፤ በማርሽ የሚወርደው ምንም አያቃጥልም።

አዝጋሚ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። በዝቅተኛ ማርሽ ከተያዘ መኪናው ፍጥነቱን ያጣና ደግሞ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። መፍትሔው ከፍ ያለ ማርሽ ውስጥ እንዳለ እንዲንከባለል መተው ነው፤ ፎሌ አይደለም።

አደጋው ከነዳጁ ይከብዳል። በፎሌ የሚወርድ ፒክአፕ ሙሉ ክብደቱን የሚይዝለት ፍሬኑ ብቻ ነው። አንድ ቶን ሙዝ ጭኖ፣ በላዩም ሰው አስቀምጦ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ቁልፉን ዘግቶ መውረድማ ከሁሉ የከፋ ነው። ፍሬኑን የሚያግዘው መሣሪያ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ በመሆኑ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተረገጠ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። ነባር አሽከርካሪዎች ለጀማሪ የሚያስተምሩት ደንብ፣ አንድን ዳገት በምትወጣበት ማርሽ ውረደው የሚለው፣ ለሕይወትም ለናፍጣም የሚበጅ ነው።

ዳገቱ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ልማድ ነው። በእርሻ ኮሌጅ የትራክተር ትምህርት የወሰደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ መርህ አለ፤ ሥራው ቀላል ሲሆን ማርሹን ከፍ፣ ነዳጁን ዝቅ ማድረግ። ለፒክአፕም ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው በዝቅተኛ ዙር ስለሆነ፣ እስኪጮህ ድረስ ሳይጠብቁ፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ባለው ውስጥ ማርሽ መቀየር ይቻላል። ነገር ግን ልክ አለው። በከባድ ጭነት ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ተይዞ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠና ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ የተረጨው ናፍጣ ሳይቃጠል እየወጣ ነውና ማርሹን መቀነስ ይገባል። በአስፋልት ላይ ደግሞ ፍጥነት ትልቁ ነዳጅ አባካኝ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየር ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ከጋቢናው በላይ ተከምሮ በላላ ሸራ የተሸፈነ ጭነት ደግሞ ያብሰዋል። ጭነቱን ዝቅ አድርጎ ማደላደልና ሸራውን አጥብቆ ማሰር አንዲት ሳንቲም አይጠይቅም።

ጎማን ብዙ ሰው በዓይኑ አይቶ ያልፈዋል። ትክክለኛው የንፋስ መጠን፣ ባዶ ሲሆንና ሲጫን ተለይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሽከርካሪው በር በኩል ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። መለካት ያለበትም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ መሬት ላይ ይተኛል፣ በእያንዳንዱ ዙር ይተጣጠፋል፣ ይህም ጉልበት ይበላል፤ የጎማውንም ዕድሜ ያሳጥራል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጎሚስታ ዘንድ መቆም በቂ ነው። በክረምት ከጭቃ ለመውጣት ፎር ዊል ያስገባ አሽከርካሪ ደግሞ አስፋልት ሲደርስ ማውጣቱን እንዳይረሳ፤ ነዳጅ ከማባከኑም በላይ የኃይል ማስተላለፊያውን ይጎዳል። ከጭቃ ጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፤ መኪናው ፍሬን እየጎተተ ናፍጣ ይጠጣል።

ስለ ጭሱ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በሶዶ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን አብዛኛውን ያካክሳል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ፒክአፕ ግን አየር ይጎድለዋል። አንዳንድ ባለቤቶች መኪናው ደከመ ብለው ፖምፓው ተጨማሪ ናፍጣ እንዲሰጥ ያስከፍቱታል። አየር በሌለበት ናፍጣ መጨመር እሳት ላይ እርጥብ እንጨት እንደ መከመር ነው፤ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። በመሆኑም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ መኪና መጀመሪያ መታየት ያለበት የአየር ፊልትሮው ነው። በበጋ የገጠር ኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ ፒክአፕ በአስፋልት ብቻ ከሚሄደው ቀድሞ ይታፈናል፤ ስለዚህ ለፊልትሮ የተጻፈውን የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር መጠበቅ አይገባውም። ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮው፣ በመጨረሻም ናፍጣ የሚረጨው ኖዝልና ፖምፓው በባለሙያ ይታያሉ። ይህ ሁሉ ለማሳ ውሃ መሳቢያና ለወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተርም ይሠራል።

ነዳጅ ውስጥ ተጨምሮ ተአምር ይሠራል እየተባለ ስለሚሸጥ ፈሳሽ የሚባል ካለ፣ ገንዘቡ ለፊልትሮ ቢውል ይሻላል የሚለው ብቻ ይበቃል።

የተደረገው ለውጥ መሥራቱን ማወቂያው መለካት ነው። ነዳጁን ፉል ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መመዝገብ፣ እንደ ተለመደው መሥራት፣ ከዚያ በዚያው ማደያ እንደገና ፉል መሙላት። የተሄደው ኪሎ ሜትር ለሁለተኛው ጊዜ ለገባው ሊትር ሲካፈል ውጤቱ ይገኛል። ለምሳሌ 342 ኪሎ ሜትር ሄዶ 38 ሊትር የወሰደ በሊትር 9 ሄዷል። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ጭነቱና መንገዱ ስለሚለያይ ሦስት አራት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ቢወሰድ ይሻላል። የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ከተደረገ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ላይ የሚቀረው የክፍያ መዝገብ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል፤ ጎኑ ላይ ኪሎ ሜትሩን በደብተር መያዝ ብቻ ይቀራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ብክነት ግን ቆጣሪው ላይ አይታይም፤ ባዶ መመለስ ነው። በገበያ ቀን ከአረካ ወይም ከቦዲቲ ሙሉ ጭኖ ሶዶ የገባ ፒክአፕ ባዶውን ሲመለስ፣ ለአንድ ጭነት የሁለት መንገድ ናፍጣ ከፍሏል። በአንድ ቀበሌ ያሉ አርሶ አደሮች ምርታቸውን በአንድ ቀን ቢያዋጡና ለመመለሻው ማዳበሪያ ወይም የሱቅ ዕቃ ቀድመው ቢያዝዙ፣ በኩንታል የሚደርሰው የመጓጓዣ ወጪ ከየትኛውም የፊልትሮ ጥገና ይልቅ ይቀንሳል። ቀን መቆራረጡ ከመኪናው ባለቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል፤ ለዚህም የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው።

እጥረት ሲኖር በየመንገዱ ዳር በጄሪካን የሚቀርበውን ናፍጣ በተመለከተ፣ ከማደያ ውጭ ነዳጅ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣም ፖምፓውንና ኖዝሉን ያበላሻል፤ የእነሱ ጥገና ደግሞ የብዙ ወር ቁጠባን በአንድ ቀን ይወስዳል። ተገዶ የገዛ ሰው ቢያንስ የናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በዚያው ቀን ያፍስስ።