ፋኑ ዞረ ማለት ፓወሩ ደህና ነው?

ሮቢት ቆላ ናት። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሙቀቱም አቧራውም አይጠፋም፤ ማሽላ ሲወቃ ገለባው ይታከልበታል። ያረጀ ዴስክቶፕ እንዲህ ባለ ቦታ መቸገሩ አይገርምም። የሚያሳዝነኝ ግን ሊጠገን ሲችል በተሳሳተ እምነት የሚጣለው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ፋኑ እየዞረ ነው፣ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው» የሚለው ነው። ፋኑ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ትንሽ ቢጎድልበትም ቀስ ብሎ ይዞራል። ማዘርቦርዱ ግን 5 እና 3.3 ቮልትም ይፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩ ሁሉም መስተካከሉን የሚያሳውቀው በግራጫው ሽቦ ነው፤ ያ ምልክት ካልደረሰ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። መልቲሜትሩን ከጥቁሩ ሽቦ ጋር አገናኝተው ይለኩ፤ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ማሳየት አለባቸው። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ችግሩ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ማሽኖች ውስጥ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የሚቀየረው ካፓሲተሩ ነው፤ ማሽኑን መጣል አያስፈልግም።

«ፋኑ ቆመ፣ ተቃጠለ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ አቧራ ይዞት ወይም ዘይቱ ደርቆ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በስተጀርባው ካለው ተለጣፊ ወረቀት ሥር አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት ግን እየቆየ ይጣበቅና ይብስበታል።

«በራሱ የሚጠፋው ቫይረስ ስላለበት ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። ብዙዎቻችን ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ እንለዋለን እንጂ እውነተኛው ሲፒዩ ከፋኑ ሥር ያለው ቁራጭ ነው፤ በእሱና በላዩ ባለው ማቀዝቀዣ ብረት መካከል ያለው ቅባት ሲደርቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ክዳኑን ከፍቶ መተውም መፍትሔ አይደለም፤ የአየሩ መንገድ ይበተናል፣ አቧራም ይገባል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ከሆነ ከመሰካት በፊት ከኋላው ቀይ የቮልት መቀየሪያ መኖሩን ይዩ። 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ወደ 230 ያዙሩት።

«ነቅዬዋለሁ፣ አይዘኝም» ብሎ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን መፍታት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ሊይዙ ስለሚችሉ ያንን ለባለሙያ ይተዉለት።