ኳንተማዊ አዙሪትና ጥቃቅን ቅንጣቶች በሱፐርፍሉይድ ሂሊየም

ኳንተማዊ አዙሪት ማለት በሱፐርፍሉይድ ሂሊየም ውስጥ የሚፈጠር፣ ጥንካሬው በተወሰነ መጠን ብቻ የሚገኝ እጅግ ቀጭን ሽክርክሪት ነው። አዙሪቱ በዓይንም ሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጨምረው የእነርሱን እንቅስቃሴ በመከታተል ያጠኑታል። ሆኖም ቅንጣቱ አዙሪቱን ሊጎትተው ወይም ከእርሱ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ የሁለቱን ግንኙነት ሳያውቁ የሙከራውን ውጤት በትክክል መተርጎም አይቻልም።

ሱፐርፍሉይድ ሂሊየም

ሂሊየም በመደበኛ የአየር ግፊት በ4.2 ኬልቪን ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳካው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ሲሆን፣ ሥራውን የሠራው በ1908 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ላይደን ከተማ ነው። ፈሳሹ ከ2.17 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ በጠባብ ቀዳዳ ያለ ሰበቃ ያልፋል። ፒዮትር ካፒትሳ በሞስኮ፣ ጆን አለንና ዶን ማይዝነር ደግሞ በካምብሪጅ ይህን ጠባይ በ1938 እ.ኤ.አ. ለየብቻቸው አሳተሙ። በላስሎ ቲሳና በሌቭ ላንዳው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ፈሳሹ ሁለት ክፍሎች እንዳሉት ይቆጠራል፤ አንዱ ሰበቃ የሌለው ሱፐርፍሉይድ፣ ሌላው ሰበቃ ያለው መደበኛ ፈሳሽ ነው። የሙቀት መጠኑ በቀነሰ ቁጥር የመደበኛው ድርሻ ያንሳል።

የአዙሪቱ ጠባይ

በጣና ሐይቅ ላይ የታንኳ መቅዘፊያ ውሃውን ሲገፋ ከኋላው አዙሪት ይተዋል። ይህ አዙሪት ብርቱም ደካማም ሊሆን ይችላል፤ በውሃው ሰበቃ ምክንያትም ቀስ በቀስ ይከስማል። የሂሊየም አዙሪት ግን ጥንካሬው የፕላንክ ቋሚ ለአንድ ሂሊየም አቶም ግዝፈት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም በሰከንድ 0.1 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሐሳቡን ላርስ ኦንሳገር በ1949 እ.ኤ.አ. አቀረበ፤ ሪቻርድ ፋይንማን በ1955 እ.ኤ.አ. አስፋፋው።

የአዙሪቱ እምብርት ራዲየስ 0.1 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። መስመሩ በፈሳሹ መካከል ተቆርጦ አይቀርም፤ ወይ በዕቃው ግድግዳ ወይም በፈሳሹ ገጽ ላይ ያልቃል፣ ወይ ደግሞ ራሱ ላይ ተዘግቶ ቀለበት ይሆናል። በሂሊየም የተሞላ ዕቃ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢሽከረከር፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ 126 ያህል አዙሪቶች ይደረደራሉ።

ቅንጣት እንዴት ይጠመዳል?

ወደ እምብርቱ በተጠጉ ቁጥር የፈሳሹ ፍጥነት ይጨምራል፤ ከመካከሉ 1 ማይክሮሜትር ርቀት ላይ በሰከንድ 1.6 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በአቅራቢያ ያለው ቅንጣት ግፊቱ ወደ ዝቅተኛበት ወደ እምብርቱ ይሳባል። እዚያ ሲደርስ በፍጥነት ይዞር የነበረውን ፈሳሽ ቦታ ስለሚይዝ የጠቅላላው ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ቅንጣቱን ከአዙሪቱ ለማላቀቅ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል። መደበኛው ፈሳሽ በብርቱ ከጎተተው ግን ሊላቀቅ ይችላል።

ሙከራዎች

የሪቻርድ ፓካርድ ቡድን በካሊፎርኒያ በርክሌይ ኤሌክትሮኖችን ተጠቅሟል። ኤሌክትሮን ሂሊየም ውስጥ ወደ 2 ናኖሜትር የሚጠጋ ራዲየስ ያለው አረፋ ይሠራል፤ አረፋውም በአዙሪቱ ይጠመዳል። ኤሌክትሮኖቹን በኤሌክትሪክ መስክ አውጥቶ ብርሃን በሚሰጥ ገጽ ላይ በማሳረፍ ቡድኑ በ1979 እ.ኤ.አ. የተደረደሩ አዙሪቶችን ፎቶግራፍ አሳተመ።

በ2006 እ.ኤ.አ. ግሬጎሪ ቢውሊ፣ ዳንኤል ላትሮፕና ካቴፓሊ ስሪኒቫሳን የበረዶ ሃይድሮጅን ቅንጣቶች በአዙሪት መስመር ላይ እንደ ዶቃ ተሰድረው የሚታዩበትን ሙከራ አወጡ። ቀጥሎም በ2008 እ.ኤ.አ. ሁለት መስመሮች ተገናኝተው ጫፍ ለጫፍ ሲቀያየሩ ታይቷል። ጠጣር ሃይድሮጅን ከፈሳሽ ሂሊየም ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ይህን ለማመጣጠን ከበድ ያለው የሃይድሮጅን ዓይነት፣ ዲዩተሪየም፣ ሊቀላቀል ይችላል።

የጠቋሚው ችግር

የ1 ማይክሮሜትር ቅንጣት ከእምብርቱ ራዲየስ 10,000 እጥፍ ይበልጣል። ብዙ ቅንጣቶች የተጫኑበት መስመር ከባዶው መስመር ይዘገያል።

ሌላው ችግር ቅንጣቱ የትኛውን ክፍል እየተከተለ እንዳለ መለየት ነው። ሂሊየም ከታች ሲሞቅ መደበኛው ፈሳሽ ከማሞቂያው እየራቀ ይሄዳል፤ ሱፐርፍሉይዱ ደግሞ ወደ ማሞቂያው ይመጣል። በአንድ ፊልም ላይ ነፃ ቅንጣቶች ወደ ላይ፣ የተጠመዱት ደግሞ ወደ ታች ሲጓዙ ሊታይ ይችላል። ሁሉንም ቀላቅሎ አማካይ ፍጥነት ያወጣ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የአንዳቸውንም እንቅስቃሴ አይገልጽም።

ይህን ችግር ለመቀነስ አነስተኛ ጠቋሚዎች ጥቅም ላይ ውለዋል። ከእነዚህ አንዱ 13 ሰከንድ ያህል ዕድሜ ያለው ኃይል የተሸከመ የሂሊየም ሞለኪውል ነው። ይህ ሞለኪውል ከ1 ኬልቪን በላይ መደበኛውን ፈሳሽ ይከተላል፤ ከ0.2 ኬልቪን በታች ግን በአዙሪት ይጠመዳል። በመሆኑም አንድ ጠቋሚ የሚያሳየው ነገር እንደ መጠኑና እንደ ሙቀቱ ይለያያል።