ልደታ ላይ የማያስቸግረው፣ ጠረጴዛ ላይ ሾርት የሚያደርገው

ከስታዲየም ጀምሮ አንድ ሐዲድ ሲጋሩ የመጡት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች የሚለያዩት ልደታ ላይ ነው፤ አንዱ በኮካ ኮላ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በዳርማርና በአብነት ወደ አውቶቡስ ተራ። ለእኛ ለተክለ ሃይማኖት ልጆች ደጃፋችን ነው። ይህን መገንጠያ በ1፡87 ልኬት እየሠራሁት ስለሆነ፣ ስለ ሽቦው የምትጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ።

እውነተኛው ባቡር 750 ቮልት የሚወስደው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ ሐዲዶቹ ሁለቱም መመለሻ ናቸው። ግራው ቀኙን ቢያቋርጠው ምንም አይፈጠርም። በዲጂታል የሚታዘዘው ሞዴል ግን ኃይሉንም ትእዛዙንም የሚያገኘው ከሁለቱ ሐዲዶች ነው፤ ግራና ቀኙ ከተነካኩ ሾርት ነው። መገንጠያ ላይ ደግሞ አንዱ ሐዲድ ሌላውን የሚያቋርጥበት ሹል ብረት አለ፤ መሻገሪያ እንበለው። ባቡሩ ቀጥ ሲል የአንዱን፣ ሲታጠፍ የሌላውን ሐዲድ ኃይል መያዝ አለበት።

ብዙ መገንጠያዎች ይህን ኃይል የሚያገኙት ተንቀሳቃሹ ምላስ የዳር ሐዲዱን ሲነካ ብቻ ነው። በእኛ አቧራ ይህን ማመን የዋህነት ነው! ከዚህም የሚብሰው፣ ያልተጠጋው ምላስ ከጎኑ ካለው ሐዲድ ጋር ተቃራኒ መሆኑ ነው። የመንኮራኩር ጀርባ ቢነካው፣ የድሮው አናሎግ ብልጭ አድርጎ ያልፍ ነበር፤ ሐዲዱን የሚመግበው የዲጂታሉ ቡስተር ግን ወዲያው ይዘጋል፤ ከእሱ የሚመገብ ባቡር ሁሉ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ መሻገሪያውን በቀጭን መጋዝ ቆርጣችሁ ከሁሉም ጎን ነጥሉት። ሁለቱን ምላሶችም እርስ በርስ ለዩና እያንዳንዱን ከጎኑ ካለው የዳር ሐዲድ ጋር በሽቦ በይዱት፤ ከዚያ በኋላ መንኮራኩር ቢነካውም ግድ የለም። መሻገሪያውን ከመገንጠያው ሞተር ጋር በሚዞር ባለ ሦስት እግር ስዊች መግቡት፤ መሃለኛው እግር ወደ መሻገሪያው፣ ዳርና ዳሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ሐዲድ። ባቡሩ ሲገባ ሾርት ካደረገ ዳሮቹን አቀያይሯቸው።

ስትሞክሩ ከሶማሌ ተራ የ12 ቮልት የመኪና አምፖል ገዝታችሁ መመገቢያው ሽቦ ላይ በተከታታይ አስገቡ። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ሽቦው አይቃጠልም።

የመገንጠያውን ሞተር ደግሞ ከሐዲዱ አትመግቡት። ባቡር ወደ ተሳሳተ መገንጠያ ገብቶ ቡስተሩን ካዘጋው፣ ሞተሩም አብሮ ይሞታል፤ መገንጠያውን መልሶ የሚያዞርላችሁ ጣታችሁ ብቻ ነው።