ባሕርና አቧራ

በይፋት ቆላ ተቀምጦ በመርከብ ላይ በቁሙ ስለሚያርፍ አውሮፕላን ማንሳት እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገሩ ግን ከባሕሩ ይልቅ የሚመለከተው ዓይንን ነው። አብራሪ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት አለበት። ቅርብ ያለው ምልክት ከፍታውንና መንሸራተቱን ይነግረዋል፤ ሩቅ ያለው አድማስ ደግሞ መዘንበል አለመዘንበሉን። አንዱ ከጠፋ የሞተሩ ጉልበት ብቻውን አያድነውም።

ለዚህ ምስክሩ ፖጎ የተባለው የአሜሪካ የሙከራ አውሮፕላን ነው። ከመርከብ ላይ በጭራው ቆሞ እንዲነሳና እንዲያርፍ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ቀጥ ብሎ ተነሥቶ፣ ወደ አግድም በረራ ተሸጋግሮ፣ ተመልሶ በጭራው ቆሟል። ሲያርፍ ግን አብራሪው በጀርባው እንደተንጋለለ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው አዙሮ መሬቱን እያየ ወደ ኋላ መውረድ ነበረበት። ፍጥነቱ ከጄቶች ከማነሱ በላይ ይህ አስቸጋሪ አስተራረፍ ተጨምሮበት ሥራው ተቋረጠ። በአንጻሩ ሲ ሃሪየር ለተባለው የእንግሊዝ ጄት የአብራሪው መቀመጫ ከፍ ተደርጎ ዙሪያውን የሚያሳይ መስታወት ተገጠመለት። አብራሪው በመርከቡ ጎን፣ በመርከቡ ፍጥነት እያንዣበበ ይቆይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጎን ተሻግሮ ይወርድ ነበር።

«መርከብ ይወዛወዛል፣ የይፋቷ ሸዋ ሮቢት መሬት ግን አይንቀሳቀስም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በበጋ በደረቀ ማሳ ላይ የሚወርድ ሄሊኮፕተር በክንፉ ንፋስ አቧራውን አስነሥቶ ራሱን ይሸፍናል። አቧራው ወደ ውጭ ሲሸሽ አብራሪው ሳይንሸራተት የተንሸራተተ ይመስለዋል፤ ለማረም ሲሞክር እውነተኛውን መንሸራተት ያመጣል። የቆላው ሙቀትም አየሩን ስለሚያሳሳው፣ ተሳስቶ መልሶ ለመነሣት የሚተርፈው ጉልበት ይቀንሳል።

ካሜራ አለ ይባል ይሆናል። ኤፍ-35 በሚባለው ጄት አብራሪው በአውሮፕላኑ አካል ዙሪያ የተተከሉ ካሜራዎች የሚያነሱትን በራስ ቁሩ መስታወት ላይ ያያል፤ ወለሉን አሳልፎ የሚያይ ያህል ነው። ይሁንና መሣሪያው እጅግ ውድ ነው፤ ወፍራም አቧራም ካሜራን ይጋርዳል። ለቆላው የሚበጀው ርካሹ ዘዴ ነው፦ ሣር ያለበትን ሜዳ መምረጥ፣ ከሌለ ማረፊያውን ውኃ ማርከፍከፍ፣ በዳሩም ንፋስ የማያነሣውን ኖራ የተቀባ ከባድ ድንጋይ መደርደር። በባሕር ላይ መርከቡ ራሱ ለአብራሪው ምልክት ይሆናል፤ በይፋት ግን ያን ምልክት ቀድሞ ማኖር የምድር ሰው ሥራ ነው።