ስለ ሞኖኑክሊዎሲስ በሽታና ስለሚያመጣው ቫይረስ



አንድ ወጣት ተማሪ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጉሮሮው ይቆስላል፤ በአንገቱ ዙሪያ ንፍፊት ይወጣበታል፤ ድካሙም ከአልጋ አላስነሣ ይለዋል። ቤተ ሰቡ ቶንሲል ነው ይላል። በሽታው ግን ሞኖኑክሊዎሲስ ሊሆን ይችላል።

ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በለንደን የታየው፣ ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት ከዑጋንዳ በላከው የሕፃናት ዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ነበር። ከሞኖኑክሊዎሲስ ጋር ያለው ዝምድና የተገለጠው ግን በ1968 ነው፤ ያውም በፊላዴልፍያ ቫይረሱን ይመረምሩ ከነበሩት ከሄንሌ ባልና ሚስት ረዳቶች አንዲቱ በበሽታው በመያዟ፣ ደሟም ከሕመሙ በፊትና በኋላ በመመርመሩ ነው። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ብርቅ ነው።

የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ፈረንጆች «የመሳሳም በሽታ» የሚሉት ወጣቶችን ለመተረብ ይመስላል እንጂ የጋራ ብርጭቆም ያስተላልፈዋል። ምልክቱ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ከማን እንደ ተያዘ ማወቅ ያስቸግራል። በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል፤ ቫይረሱ ግን በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልኩን ይኖራል።

ፔኒሲሊን ቫይረስን አይገድልም፤ አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊንማ በእንዲህ ያለው በሽተኛ ገላ ላይ ብዙ ጊዜ ሽፍታ ያወጣሉ። የሚበጀው ዕረፍትና በቂ ውሃ መጠጣት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው የጣፊያ ማበጥ ነው፤ ያበጠ ጣፊያ በምት ሊፈነዳ ይችላልና። ስለዚህ ልጁ የዳነ ቢመስልም፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ለ3 ሳምንት፣ ሐኪምም እስኪፈቅድለት ድረስ፣ ኳስ እንዳይጫወት፣ ከባድ ሸክምም እንዳያነሣ ወላጆቹ ይከልክሉት። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች ድንገተኛ ውጋት ከተሰማው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።