ሳህን በቶርኖ ሲቦረቦር መሮ እንጨቱን እንዳይነክስ

በዶሃ የኢንዱስትሪ አካባቢ በሚገኙ የእንጨት ሥራ ቤቶች በዐረብኛ «ሚኽረጣ» የሚባለውን ማሽን የአገራችን ባለሙያዎች «ቶርኖ» ይሉታል። በዚህ ማሽን ጎድጓዳ ሳህን ሲሠራ ጥንቃቄ የሚሻው የውስጡ መቦርቦር ነው። መሮው እንጨቱን በድንገት ከነከሰ ሳህኑ ሊሰነጠቅ፣ ከመያዣውም ተፈናጥሮ ሠራተኛውን ሊጎዳ ይችላል።

የንክሻው መንስኤ የጉልበት ማነስ አይደለም። ከስለቱ በስተኋላ ያለው ተዳፋት ገጽ እንጨቱ ላይ ካረፈ ስለቱ ከሚገባው በላይ አይጠልቅም። ስለቱ ያለዚህ ድጋፍ ብቻውን ሲነካ ግን የሚሽከረከረው እንጨት ወደ ውስጥ ይስበዋል። በሳህን ላይ ቃጫው አግድም ስለሚተኛ ስለቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የቃጫውን ጫፍ ይገጥማል፤ ስለዚህ ዶልዱሞ የሚያስገድድ መሮ ቶሎ ይስታል።

ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የመሮው መደገፊያ ወደ እንጨቱ ይጠጋል፤ እንጨቱም በእጅ ዞሮ እንደማይነካው ይረጋገጣል። ከአፉ ሲጀመር የመሮው ቦይ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ሳህኑ እንብርት ይዞራል። ትንሽ ጎድጓዳ መንገድ ከተበጀና ገጹ ድጋፍ ካገኘ በኋላ ቦዩ በጥቂቱ ወደ ላይ ሊከፈት ይችላል። ቆረጣው ከአፍ ወደ እንብርት ይሄዳል። ግድግዳው ወደ ወለሉ በሚታጠፍበት ቦታ ገጹ ከእንጨቱ እንዳይለይ እጀታው ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ እንብርቱ ሲቀርብም ግፊቱ ይቀንሳል።

በጠፍጣፋ መፋቂያ ሲሠራ ግን እጀታው ከፍ፣ ስለቱ ዝቅ ይላል። ረጃጅም እንጨት ለማድቦልቦል የተሠራው ሰፊ መሮ ለሳህን አይሆንም፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው ክፍል ቀጭን በመሆኑ ሊሰበር ይችላል።

ፍጥነትም ወሳኝ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሳህን በደቂቃ ከ500 እስከ 750 ዙር የተለመደ ሲሆን፣ ሚዛኑን ያልጠበቀ ጉማጅ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀመራል። የፊት መከላከያ ይደረጋል፤ ጓንትና ሰፊ እጅጌ ግን በማሽኑ ሊጠመጠሙ ስለሚችሉ ይወገዳሉ። መሮው ከነከሰ ማሽኑን ማጥፋት፣ የሳህኑን አያያዝና ስንጥቅ መመርመር፣ ስለቱንም መሳል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኳታር የሥራ ሕግ ቁጥር 14 አሠሪው የሥራውን አደጋና የመከላከያ መንገዱን ለሠራተኛው ሥራ ሲጀምር እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ስለዚህ ማሽኑን ያልለመደ ሠራተኛ መሮውን ከማንሣቱ በፊት ማብራሪያ መጠየቅ መብቱ ነው።