ለብርድ ወራት የዋና ልብስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይወቁ

የትምህርት ቤት እረፍት ሲጀምርና ዝናቡ ሲከብድ፣ በአራዳ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ ምን ይሥሩ? ሜዳው ጨቅይቷል፤ ቴሌቪዥኑም ይሰለቻል። አባት “ዋና እናስተምራቸው” ሲል አያት ከጓዳ ሆነው “በዚህ ብርድ? ልጆቹን ሳንባ ምች ልታስይዙ ነው?” ይላሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

ልጆቹ ግን ውሃን አይተዉም። ድሮ የሰፈሩ ልጅ ቀበና ወንዝ ወርዶ ይንቦጫረቅ እንደነበር አዛውንቶች ያወጋሉ። ዛሬ ወንዙ ለዋና የሚሆን አይደለም፤ ድንጋይ ተፈልጦ በቀረ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀም የክረምት ውሃ ግን ልጆችን ይጠራል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆች ልጆቻቸውን ከወንዝና ከኩሬ እንዲጠብቁ ያሳስባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ልጅን አስተማሪ ባለበት ገንዳ ዋና ማስተማር እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። ጥያቄው ምን አልብሰን እንውሰዳቸው የሚለው ነው።

ሁለት ዓይነት ብርድ

አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ብርድ አላት። የክረምቱ ብርድ ደመናና ዝናብ ነው፤ ቀኑ ራሱ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብርድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ጣሪያ የሌለው ገንዳ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊቱን ይለቀዋል፤ ጠዋት የሚዋኝ ሰው የሚያገኘው ያንን የቀዘቀዘ ውሃ ነው።

ሳንባ ምች የሚያመጡት ተህዋሲያን እንጂ ውሃው አይደለም። የአያት ስጋት ግን ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ሕፃን ደግሞ አካሉ ትንሽ ስለሆነ ከትልቅ ሰው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ዓለም አቀፉ የዋና ደንብ ለውድድር የሚያዘው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሆነ ውሃ ነው። ለሚማር ሕፃን ከዚያም ሞቅ ቢል ይመረጣል። ስለዚህ ከልብሱ በፊት የገንዳው ውሃ የሚሞቅ መሆኑን ይጠይቁ። በዚህ ረገድ ከተማችን ዕድለኛ ናት፤ በ1879 ዓ.ም. ለመመሥረቷ ምክንያት የሆነው ፍልውሃ ዛሬም ይፈልቃል፤ የሂልተን ሆቴል ገንዳም ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ ይሞቃል። ከከተማ ወጣ ለሚል ቤተሰብ ደግሞ ሶደሬ አለ።

ጨርቁን ይዩ

ተራ የዋና ልብስ አያሞቅም። ይህን ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የሚያሞቀው ኒዮፕሪን ከሚባለው ስፖንጅ መሰል ጎማ የተሠራው ብቻ ነው፤ ውሃ የማያስገቡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ስላሉት የሰውነትን ሙቀት ያቆያል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ደረትና ጀርባን የሚሸፍን ለሕፃን ይበቃል። ውድ ስለሆነ ግን የሚያስፈልገው ውሃው ለማይሞቅ ገንዳ ነው። ለሚሞቅ ገንዳ ተራው ይበቃል።

ከተራዎቹ ውስጥ በልብሱ ውስጠኛ ክፍል ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ናይለንና ላይክራ የተቀላቀሉበት ለስላሳና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ክሎሪን ላይክራውን ይበላዋል፤ ሞቃት ውሃ ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚዋኝ ልጅ ፖሊስተሩ የሚበዛ ይሻላል፤ ቀለሙም ቅርጹም ይቆያል። ከመክፈልዎ በፊት ጨርቁን ወጠር አድርገው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ይተዉት። ወጥረው ወደ ብርሃን ሲያነሡት ጣትዎ በጨርቁ ውስጥ ከታየ፣ ውሃ ሲነካው ሌላም ያሳያል።

የጥጥ ካናቴራና ቁምጣ አልብሶ ማስገባት የተለመደ ነው። ጥጥ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ለሚማር ልጅ ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። ከውሃ ሲወጣም ገላው ላይ ተጣብቆ እየተነነ ያቀዘቅዘዋል። ብዙ ገንዳዎችም በጥጥ ልብስ መግባት አይፈቅዱም።

“ያድግበታል” እዚህ አይሠራም

ለልጅ ልብስ ስንገዛ አንድ ቁጥር ጨመር አድርገን “ያድግበታል” ማለት ልማዳችን ነው። ለሹራብ ይሆናል፤ ለዋና ልብስ አይሆንም። የዋና ልብስ ውሃ ውስጥ ይላላል፤ የሰፋ ከሆነ ውሃ ይሞላል፣ ይንሸራተታል፣ ልጁም ከመዋኘት ይልቅ ልብሱን ሲይዝ ይውላል። ልጁ እጁን ወደ ላይ ይዘርጋ፣ ቁጢጥ ይበል። ትከሻ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ፣ ጭን ላይ ምልክት የማይተው ልኩ ነው።

ቀለምም ለውበት ብቻ አይደለም። ሰማያዊና ነጭ ልብስ በሰማያዊ ገንዳ ውስጥ አይለይም። ደማቅ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ሮዝ ወይም የሎሚ ቢጫ ልጁ ውሃ ውስጥ ቢሰምጥም ከሩቅ ይታያል። በደመናማ ቀን ይህ ልዩነት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ልጃገረዶችና መሸፈኛ

አሥራዎቹን የጀመረች ልጅ ዋናን የምትተወው ብዙ ጊዜ በብርድ ሳይሆን በሀፍረት ነው። ከአለባበስ የተነሳ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ምርጫው መኖሩን ንገሯት። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ እጀ ረጅም፣ ከዋና ጨርቅ የተሠራ ልብስ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የተፈጠረው ቡርኪኒም ፀጉርን ጨምሮ ሙሉ አካልን ይሸፍናል። እጀ ረጅሙ ለወንዶችም ይጠቅማል፤ ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በታኅሣሥ ብርድ ቆዳ የሚላጠው ለዚህ ነው።

ከሱቅ ወይስ ከልባሽ?

ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ የፒያሳ ሸማች እንደ ድሮው በእግሩ ጥቂት ተራምዶ ዋጋ አያወዳድርም፤ ብዙው ወደ መርካቶ ይወርዳል። ልባሽ ጨርቅ ተራ ውስጥ ጥሩ የዋና ልብስ ይገኛል። ለወንድ ልጅ ሰፋ ያለ የዋና ቁምጣ ከሆነ ይግዙ፤ በሳሙና በደንብ አጥበው ፀሐይ ያስመቱት። ገላ ላይ የሚጣበቀውን ግን አዲስ ቢገዙ ይሻላል፤ ልባሹ ላይክራው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ለንጽሕና ብለው ቢቀቅሉት ደግሞ የቀረውንም ይጨርሱታል።

ዋናው ልብስ ከውሃ ውጪ ያለው ነው

በብርድ ወራት ልጁ የሚቸገረው ከውሃ ሲወጣ ነው። እርጥብ ገላ ላይ ነፋስ ሲያርፍ መንቀጥቀጡ ይመጣል። መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ፤ ጋቢ። በፎጣ ካደረቁት በኋላ ጋቢ ደርቡለት፤ እርጥቡን ልብስ ወዲያው አውልቁ፤ ፀጉሩን አድርቃችሁ ኮፍያ፣ ከዚያም ካልሲ። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ቢኖር መልካም ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ጥርሱ ከተንገጫገጨ “ትንሽ ልቆይ” ቢልም ያውጡት።

ሰዓቱንም ይምረጡ። በክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ጠዋት ይሻላል፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከውሃ ይውጣ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ውሃው የሚሞቀው ከሰዓት በኋላ ነው።

ቤት ሲገቡ ልብሱን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ አይጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ካስመጠጡ በኋላ ጥላ ውስጥ ያስጡት። በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ከአንድ ውድ ሁለት መካከለኛ መግዛት ይበልጣል።

ገንዘቡ ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የአስተማሪው ክፍያ፣ ቀጥሎ ልኩ የሆነና ደማቅ ልብስ፣ ከዚያ የዋና መነጽር። ጋቢው ከቤት ይወጣል። ኒዮፕሪኑ ይቆይ፤ መዋኘት መቻል ግን እስከ ቀጣዩ ክረምት መቆየት የለበትም።